ከሚዛን በላይ

«ውረጂና እንደገና ውጪ!» አለ አጎቷ ዴት።

ማፕራንግ ከሚዛኑ ወርዳ እንደገና ወጣች። ለገዳሙ በዓል ግጥሚያ ከሩዝ ወፍጮ ቤት በውሰት የመጣ የጆንያ ሚዛን ነው። መርፌው ወዲያ ወዲህ ሲል ትንፋሿን ያዘች፤ ትንፋሽም የሚመዘን መስሏት። ምን ዋጋ አለው! መርፌው የተፈቀደላትን አርባ ሁለት ኪሎ አለፍ ብሎ ቁጭ አለ።

«ሦስት መቶ ግራም ትርፍ» አሉ ሚዛኑን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ፀሐይ የገዳሙን ጣሪያ እስክታልፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ልቅሶም ምልጃም አልሰማም።»

አጎቷ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ እጅ ነሣቸው። ከዚያ ክንዷን ይዞ ከሰው ራቅ አደረጋትና ላብ የሚያስወጣውን የላስቲክ ልብስ እስከ አንገቷ ዘጋላት።

«ልጄ፣ እኔን እይኝ። ሰውዬው መጥቷል፤ ያውልሽ ድንኳኑ ሥር ሻይ እየጠጣ። ዛሬ ማታ ካልተጋጠምሽ በምን ያይሻል?»

«አውቃለሁ አጎቴ።»

«ካወቅሽ ሩጪ። መቼም ማታ የሆነ ነገር ቀምሰሻል።»

«አልቀመስኩም!»

«ታዲያ ይሄ ሦስት መቶ ግራም ከሰማይ ወረደብሽ?»

እሷም ከየት እንደመጣ አታውቅም።

ሰውዬው የስፖርት ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነው። ከቡሪራም ከተማ ድረስ የመጣው፣ ማታ በገዳሙ በዓል በእጅም በእግርም የሚጋጠሙትን ሴት ቦክሰኞች አይቶ አንዷን ሊወስድ ነው። የተመረጠችው እዚያው እያደረች ትማራለች፣ ትሠለጥናለች። ማፕራንግ ካልተመረጠች ግን ነገሩ አበቃ፤ ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረሰች እናቷ ወደምትሠራበት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ትሄዳለች። እናቷ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ማፕራንግ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዓሣ ሆድ ስትዘረጥጥ መዋልን ማሰብ እንኳ አትፈልግም።

ሕጉ ደግሞ ሰው አያውቅም፤ ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዷ ብቻ ከሚዛን በላይ ከሆነች ወደ ቤቷ ትሸኛለች፣ በቦታዋ ተጠባባቂ ትገባለች።

ነገር የተበላሸው ካለፈው ዝናብ ወዲህ ነው። ልጅቷ ቁመቷ ተመዘዘ። የትምህርት ቤት ቀሚሷ አጠረ፤ ድሮ እንዳሻት በልታ አርባ ሁለት የማትሞላው ልጅ፣ ውሃ ብትጠጣ እንኳ የምትጨምር ሆነች። አጎቷ «ልጅ ሲያድግ ይከብዳል» ብሎ እንደማሰብ «ትሰርቂያለሽ» አላትና የሩዙን ቅርጫት ጣሪያው ላይ ሰቀለው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም በልጅነቱ እንደዚሁ ተደርጎ ነው ያደገው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን ማን ነግሮት?

ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ አባረራትና የሩዝ ማሳውን በአንድ ትንፋሽ አቋርጣ ቤት ገባች። ምሳ ቀርቧል። ጉድ እኮ ነው፣ ሆዷ ጭጭ! የተጠበሰው ዶሮ የግድግዳ ሥዕል መስሎ ታያት። በዝግታ ስትሮጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከአጎቷ ጋር ረጅሙን መንገድ ዱብ ዱብ ሲሉ ረሃቧ ቀድሟት ነው ቤት የሚገባው። ሲጥ እስኪላት ስትሮጥ ግን ይጠፋል። ማፕራንግ መድኃኒቱን ያገኘች መሰላት። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲደርስ ወደ ማሳው ትወጣና ልቧ ጉሮሮዋ ውስጥ እስኪመታ ትፈተለካለች። ተመልሳ «አልራበኝም» ስትል አትዋሽም። አጎቷም «ይቺ ናት ጀግና!» ይላታል።

መጀመሪያ ሰሞን ኪሎዋ ወረደ። ቀን ያባረረችው ረሃብ ግን የትም አልሄደ፤ ሲመሽ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ይመለሳል። ከጎረቤት ማጀት የተረፈ ሩዝ በድብቅ እያወጣች፣ ቀዝቃዛውን በጭብጧ እያፈሰች ትውጣለች። በነጋታው በጸጸት የባሰ ትሮጣለች። ሚዛኑ ፈቀቅ ማለቱን ተወ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ይደበዝዝባታል፤ የወር አበባዋ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላለች። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ነበር።

አሁንም በገዳሙ ግቢ ውስጥ ትሮጣለች። ድንኳን የሚተክሉት ነጋዴዎች «በርቺ!» ይሏታል፤ አንዷ ዶሮ ጠባሽ ደግሞ «ኧረ ቀስ፣ ነፍስሽ እንዳታመልጥሽ!» ብላ ሳቀችባት። የዶሮው ሽታ አፍንጫዋ ደርሶ ተመለሰ፤ ሆዷ ከነመኖሩም አይሰማም። እንደምንም ዞራ አስከሬን ከሚቃጠልበት ቤት ጀርባ ደረሰች። በዚህ ሰዓት እዚያ ዝር የሚል ሰው የለም።

ዛሬ ግን ሰው አለ። እንደ እሷ የላስቲክ ልብስ የለበሰች ልጅ በጉልበቷ ተንበርክካ ታስመልሳለች። ኑዪ ናት፤ የማታዋ ተጋጣሚዋ።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለች ኑዪ አፏን ጠርጋ። «ሰው ሲያስመልስ አይተሽ አታውቂም?»

«አንቺም ከሚዛኑ አልፈሻል እንዴ?»

«ሁለት መቶ። አንቺስ?»

«ምን አገባሽ!»

«እንግዲያው ከእኔ ትብሻለሽ። ፊትሽ የደረቀ ሎሚ መስሏል።»

«የራስሽን ባየሽው!»

ኑዪ ሳቅ አለች። ማፕራንግ ያቺን ሳቅ አሳምራ ታውቃታለች። አምና በሩዝ አጨዳ በዓል፣ ሊጋጠሙ ሲሉ ኑዪ ጠጋ ብላ «እግሬን አሞኛል፣ በእናትሽ ቀስ በይ» አለቻት። ማፕራንግም አንጀቷን በላቻትና ቀስ አለች። ኑዪ በዚያው ታመመ ባለችው እግር ጎኗን ብላ ዘረረቻት። አገር ሳቀባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኑዪ ስም ሲነሣ ደሟ ይፈላል።

እሰይ፣ ይበላት! ብላ ልትሮጥ ስትል ኑዪ ለመነሣት ሞከረች። ተመልሳ በቂጧ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ይሄ ማስመሰል አልነበረም፤ ከንፈሩን ነጭ ማድረግ የሚችል አስመሳይ የለም። ማፕራንግ አንድ ሁለቴ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ እየተነጫነጨች ብብቷ ሥር ገብታ አነሣቻት። በግንቡ ጥላ ሥር ቀስ እያሉ፣ አንድ እርምጃ እየተራመዱ አንድ እየቆሙ፣ የኑዪ ቦርሳ ወደተሰቀለበት ዛፍ ሄዱ። የላስቲክ ልብሳቸውን አንገት ከፍተው ሥሩ ተቀመጡ።

«ስሚኝ» አለች ኑዪ ትንፋሿ ሲመለስ። «ሁለታችንም ከኪሎው በላይ ከሆንን እኮ አያባርሩንም። ሽማግሌዎቹ ትከሻ ለትከሻ ያቆሙንና በዓይናቸው ያመዛዝኑናል። ‹እኩያሞች ናቸው› ካሉ በቃ፣ እንጋጠማለን። ትንንሾቹን ሁሌ እንደዚያ አይደል የሚያጋጥሟቸው?»

እውነቷን ነው። በየበዓሉ ሕፃናቱን ጎን ለጎን አቁመው፣ ክንዳቸውን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው ነው ጥንድ ጥንድ የሚያወጡላቸው።

«አንዳችን ብቻ ካለፍንስ?» አለች ማፕራንግ።

«ያለፈችው ወደ ቤቷ።»

ኑዪ ከቦርሳዋ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ነው፣ መሐሉ ሙዝ አለው። «እናቴ ከሚዛን በኋላ ብዪው ብላ ነው። እንካፈል። አብረን እንብላና አብረን ሄደን ‹አልቻልንም› እንበላቸው።»

«ሞኝሽን ፈልጊ! እኔ ስበላ አንቺ ላሽ ልትዪ።»

«እናቴ ትሙት አልዋሽም!»

«አምናም እግርሽ ታሞ ነበር።»

ኑዪ አቀረቀረች። «አምና ዋሽቻለሁ። አሁን ግን በየትኛው እግሬ ልሩጥ?»

ኑዪ ግማሹን ሩዝ ቆርሳ በቁራጭ ቅጠል እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ማፕራንግ አየችው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሰችም፤ ሩዙ ግን እጇ ላይ እንደ ጭቃ ነው። አንድም ነገር አልተሰማትም። ያኔ ፈራች፤ ከሚዛኑም ከፋብሪካውም በላይ ፈራች።

«አያስጠላሽም?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ምግብ።»

«ገና ሮጬ ስመለስ አዎ፣ ዓይኔ እንዳያየው ነው የምፈልገው። ማታ ማታ ግን ግድግዳውን ቦጭቄ ብበላው ደስ ይለኛል። ተነሥቼ ያገኘሁትን እውጥና አለቅሳለሁ።»

ማፕራንግ ዞር ብላ አየቻት። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደዚህ የምትሆነው በዓለም ላይ እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ሆዳም ነኝ፣ ደካማ ነኝ፣ ሌባ ነኝ እያለች ስንቱን ሌሊት ራሷን ስትረግም አድራለች። ይቺ ውሸታም፣ ይቺ ጠላቷ፣ ማዶ ባለው መንደር እንደሷው ስታለቅስ ታድር ኖሯል። እንባዋ መጣ። የላስቲኩ ልብስ እጅጌ እንባ አይጠርግም፤ ፊቷ ላይ አዳረሰችው።

«ምን ያስለቅስሻል? አሁን እኔንም ታስለቅሺኛለሽ፣ ተይ!» አለች ኑዪ።

ከድንኳኖቹ በኩል ድምፅ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ይሞከራል። የማፕራንግ ልብ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ሆዷ ጮኸ። አንዴ ጀምሮ መቼ ዝም ይላል! የኮኮናቱ ሽታ አሁን ነው የደረሳት፤ ምራቋ አፏን ሞላው። ቀን ቀን ስትሸሸው የኖረችው ረሃብ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት መጣ።

«ማፕራንግ!» የአጎቷ ድምፅ ከሩቅ ተጣራ። «የት ገባሽ? ትንሽ ነው የቀረው!»

ፀሐይዋ የጣሪያውን ጫፍ ገና አልነካችም። ማፕራንግ እግሯን አየችው፤ እግሯ ደህና ነው። ኑዪ መነሣት አልቻለችም፣ እሷ ግን ትችላለች። ሩዙን ጥላ አሁኑኑ ብትነሣ፣ ግንቡን ጥቂት ብትዞረው፣ ሦስት መቶዋን ጨርሳ ትደርሳለች። ማታ ከተጠባባቂዋ ጋር ትጋጠማለች። ሰውዬው ያያታል። ኑዪ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ይቺ ልጅ አሁን አንድ ጉርሻ ካበላቻት በኋላ ብድግ ብላ ትሮጥ ይሆናል። ሁለት መቶ ግራም ምን አላት? አምና በታመመ እግር ጎኗን ብላት የለ?

ኑዪም ይህንኑ እያሰበች ኖሮ ዓይኗን ከማፕራንግ እግር ላይ አልነቀለችም። የራሷን ሩዝ በሁለት እጇ ይዛለች፤ አልቀመሰችውም።

«እኩል እንጉረስ» አለች ኑዪ። «እቆጥራለሁ። አንድ...»

ማፕራንግ ቆጠራውን አልጠበቀችም። ቆርሳ ጎረሰች። ጣፋጩ ጆሮ ግንዷን አሳመማት። አኘከች፣ ዋጠች፣ ደገመች። ሳትቸኩል፣ ሳትደበቅ፣ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀውን ሳይቀር በጣቷ እየለቀመች ጨረሰችው። ኑዪ አፏን ከፍታ ታያታለች፤ ሩዟ አሁንም እጇ ውስጥ ነው።

ማፕራንግ ተነሥታ የላስቲክ ልብሱን አወለቀችና ክንዷ ላይ ጣል አደረገችው። ነፋሱ እርጥብ ቆዳዋን ሲነካት ተንቀጠቀጠች። ኑዪ ትብላ አትብላ ቆማ አላየችም። አንድም ነገር አልጠየቀቻትም። ግንቡን ይዛ፣ በዝግታ እየተራመደች ወደ ሚዛኑ ሄደች።

አጎቷ ሲያያት ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ልብሱን ክንዷ ላይ ሲያይ ጩኸቱ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ለምን አወለቅሽው?»

«አልሮጥም አጎቴ። ሦስት መቶ ነበርኩ፣ አሁን ከዚያም በላይ ነኝ። በልቻለሁ።»

ዴት ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ፤ ሰውዬው ሁለተኛ ሻይ እያዘዘ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ቁጣ ስትፈልግ ፍርሃት አገኘች።

«ያቺስ ልጅ? ኑዪስ በልታለች?»

«አላውቅም» አለች ማፕራንግ፣ ሚዛኑ ላይ እየወጣች። «እኔ ግን በልቻለሁ።»