የአራተኛው ፎቅ ውሳኔ

ሟቹ የተገኘው ከአራተኛ ፎቅ ቢሮው መስኮት ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ዘበኛው የአወዳደቁን ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱን አይቷል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ይላል። መርማሪዋ ስትደርስ አንሶላ ተጥሎበት ነበር። አንሶላው ስላጠረ እግሮቹ ውጭ ቀርተዋል፤ የሚያስተካክልለት ግን አልተገኘም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መንጠቆ» ይሏታል። ሟቹን ደግሞ ቢሮው «ሚዛን» ይለው ነበር። ቢሮው ድረ ገጽ ይሠራል፤ የሚዛን ሥራ መመዘን ነው። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ተዘጋጅቶ የሚገኘው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሲስተም ይስማማዋል ወይስ ገጹ ከባዶ ይጻፍ? ቃሉን የሚሰጠው እሱ ነበር። የአንድ አውቶቡስ ድርጅትን ጉዳይ መዝኖ በዚያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሊያሳውቅ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ዐዋቂ ነበር፤ ክፉም ነበር። ሰውን ሰው ፊት ማዋረድ ቁርሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን እንደነበረች አልደበቀችም።

«ውሳኔው ማንን ይጎዳ ነበር?» አለች መንጠቆ።

«እውነቱን ልንገርዎ? ወይ እኔን ወይ ፕሮግራመሩን። ዝግጁውን ሲስተም በአንድ ወር አስረክባለሁ ብዬ ለደንበኛው ቃል ገብቻለሁ። ‹አይስማማም› ካለ ጉድ ይፈላብኛል። ‹ይስማማል› ካለ ደግሞ ፕሮግራመሩ ይሰናበታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ኮድ ከመጻፍ በቀር ሌላ አያውቅም።»

«ፕሮግራመሩ ይህን ያውቃል?»

«ሚዛን መች አሳርፎት! ትናንት እንኳ ሁላችንም ፊት ‹ዕቃህን ሸክፍ› ብሎታል።»

«ሲስተሙን እርስዎ ይችሉታል?»

«ሁለት ቀን አሠልጥኖናል። ፕሮግራመሩ ብቻ ‹የልጅ መጫወቻ ነው› ብሎ አልቀመጥም አለ።»

ሚዛን አንድ ልማድ ነበረው። የሚመዝነውን ሲስተም በመጨረሻ ለጽዳት ሠራተኛዋ ይሰጣታል፤ ያለ ማንም እርዳታ አንድ ዜና ትለጥፍበታለች። ዛሬም አስለጥፏታል።

«እንዴት ሆነልዎ እትዬ?» አለቻት መንጠቆ።

«ለጠፍኩት እንግዲህ። ‹አህያ እንኳ ይችለዋል ማለት ነው› ብሎ ሳቀብኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለሟቹ ግን አልነበረም።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብዎ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰዓት የያዘው እሱ ነው። ወዲያው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ሲወድቅ ከዘበኛው ጋር ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ፖሊሱ አጠገቤ ነው፣ ከማንም ጋር አላወራሁም።»

ፕሮግራመሩ ጥፍሩን እየበላ ገባ። ቢሮ የደረሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሬሳው ከተሸፈነ በኋላ መሆኑን ተናገረ።

«ውሳኔው ምን ይሆን ነበር ትላለህ?»

«ምኑ ይጠየቃል! እትዬ በስድስት ደቂቃ ከለጠፉበት፣ ለእኔ ማን ደመወዝ ይከፍላል?»

መንጠቆ ጻፈችና አመስግና ሸኘችው። ከዚያ የሚዛን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ሚዛን ውሳኔውን የጻፈው እዚያው በሚመዝነው ሲስተም ላይ ነበር። ገጹ አሁን የለም፤ ሲስተሙ ግን የተሰረዘበትን ሰዓት መዝግቧል። ትንሽ ፈልጋ ገጹን አገኘችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስቱንም አስጠራች።

መስኮቱ አሁንም ክፍት ነው። ሥራ አስኪያጇ ልትዘጋው ስትነሣ መንጠቆ በእጇ ከለከለቻት።

«ሚዛን የወደቀው ሁለት ከዐሥር ላይ ነው። ውሳኔው ከዚህ ኮምፒውተር የተሰረዘው ሁለት ከዐሥራ አራት ላይ። የሞተ ሰው ገጽ አይሰርዝም። ውሳኔው ‹አይስማማም› ይላልና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነበር፣ ወይዘሮ።»

«እኔን?»

«ግን የተሰረዘ ገጽ ቅርጫት ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሥልጠናውን የወሰደ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ቢሆኑ ቅርጫቱንም ባዶ ያደርጉት ነበር። የሰረዘው ሰው ሲስተሙን ነክቶት አያውቅም።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ፕሮግራመሩ።

«አይደለም። ማስረጃው ስድስቱ ደቂቃ ነው። እትዬ ራሳቸው አያውቁትም። ሚዛን ገጹ ላይ የጻፈው ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሞተ። አንተ ሁለት ተኩል ላይ ከደረስክ፣ የት አነበብከው?»

መንጠቆ ስክሪኑን ወደ ፕሮግራመሩ አዞረች።

«አንብብ። ጮክ ብለህ።»

«‹የጽዳት ሠራተኛዋ በስድስት ደቂቃ ዜና ለጥፋበታለች። ለዜና ግሩም ሲስተም ነው...›»

«እዚህ ድረስ አንብበኸዋል። አሁን ወደ ታች ውረድ።»

ድምፁ ተሰባበረ። «‹ደንበኛው የሚፈልገው ግን ዜና መለጠፍ አይደለም፤ በየሰከንዱ የሚለዋወጥ የወንበር ሽያጭ ነው። ሲስተሙ ለዚህ አይስማማም። ከባዶ ይጻፍ። ጻፊውም የእኛው ፕሮግራመር ይሁን፤ ከእሱ የተሻለ አላየሁም።›»

ዓይኑን ወደ ክፍቱ መስኮት አዞረ።

«ሚዛን ‹እንኳን ደስ ያለህ› አለኝ» አለ። «እንደ ሁልጊዜው የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ይስቅ ነበር።»

እትዬ ፊቷን አዞረች። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን አየችና ማስታወሻ ደብተር አወጣች።

«አንድ ጊዜ እንዳይወስዱት» አለች። «የሰርቨሩን ይለፍ ቃል ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

እሱም አቀርቅሮ፣ ፊደል በፊደል ነገራት።