አምስት ሸሚዝ

በጥር መጋዘኑ ተዘጋ። አትላንታ አጠገብ ታከር ያለው፣ ክላርክስተንን ግማሹን የሚያበላው መጋዘን። በየካቲት መንገዱ በረዶ ሠራ፤ አውቶቡስ ቆመ። በመጋቢት ቤት ልቀቁ የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ። በሚያዝያ፣ መጋዘኑ አጠገብ፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተከፈተ።

መስኮቱ ላይ አምስት ትልልቅ ፎቶ ነበር። የቀርከሃ ባቡር። ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ደረጃ ያለው አሮጌ ቤተ መቅደስ። አደባባይ ላይ ዱላ ይዞ የተንበረከከ ጥቁር ሐውልት። የወይን እርሻ። ሲመሽ የሌሊት ወፍ እንደ ጭስ የሚወጣበት ዋሻ። ከሥሩ «ባታምባንግ፣ ካምቦዲያ፤ የሆቴል ሥራ» ይላል።

አሥራ አንድ ሰው ሄደ። የተመለሰ የለም።

ፎቶ ግን ይመጣል። በየወሩ።

መስከረም ላይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎሹ የስቶን ማውንቴን ተራራን ራቁት ድንጋይ እየወጣ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ይህን አይረሳም። የሰው ንግድ የሚመረምረው መሥሪያ ቤቱ በምስጢር ስም «ቆቅ» ይለዋል። የጉዞ ወኪሉ ባለቤት ለገሰ የሚያውቀው ግን ነጋ ብሎ ነው። ቫን ነጂው ነጋ። ሰው ኤርፖርት አድርሶ የሚመለስ፣ የማይጠይቅ። በዚህ ስም አምስት ወር ኖሯል።

ጆሮው ውስጥ፣ በማዳመጫው፣ ሄራን አለች። አለቃው ናት፤ ስኔልቪል ያደገች፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን። ከሦስት ሰዎች ጋር ከተራራው ሥር መኪና ውስጥ ተቀምጣለች።

«ቆቅ፣ ሻማ ፓርክ አድርጋ ወጥታለች። ቶፕ ላይ ናት።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። በዚህ ሙቀት ጥቁር በጥቁር ለብሳ። ላይክ፣ እኔ ሳያት አላበኝ።»

«እናቷ ሞተውባታል።»

«አውቃለሁ ጋሽዬ። ፍላሹን ተቀበልና ውረድ፣ ኦኬ? ስለ ወንድሟ አንድ ቃል እንዳታነሳ።»

ጎሹ ይህን ትእዛዝ ሁለት ዓመት ሲሰማው ኖሯል።

«ሻማ» ፀሐይነሽ ናት፤ የለገሰ ቢሮ ጸሐፊ። ፍላሹ ላይ የአሥራ አንዱ ሰዎች ስም አለ። የታጎሩበት ግቢም አለ፤ ድንበር ላይ፣ የትኛው አጥር፣ የትኛው በር። የዚያ አገር ፖሊስ የሚጠብቀው ይህንን ብቻ ነው። ነገ ደግሞ ሌሎች ስድስት ሰዎች ይበራሉ። ወደ ኤርፖርት የሚነዳቸው ጎሹ ራሱ ነው።

ጫፉ ላይ ደረሰ። ጎብኚው ፎቶ ይነሣል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። ፀሐይነሽ ከአጥሩ ዳር ቆማለች። ከአጥሩ ማዶ ድንጋዩ ወደ ታች ያዘነብልና ያልቃል።

«ከዚህ የአትላንታ ፎቅ ይታያል?» አለ።

«ሲጠራ ይታያል» አለች። ምልክቱ ልክ ነው።

ፊቷ ግን ልክ አይደለም።

«ጋሽ ነጋ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ለገሰ ከኬብል መኪናው ጣቢያ ጀርባ ወጣ። በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሷል። አንድ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው።

«ነጋ! ኧረ ለጉልበትህ እዘን! ወይስ ጋሽ ጎሹ ልበልህ?»

ተጠግቶ ከጎሹ ጆሮ ማዳመጫውን ነቀለ። ሄራን «እየወጣን ነው፣ ሃያ ደቂቃ» ስትል ከሩቅ እንደ ትንኝ ተሰማች። ለገሰ ማዳመጫውን ከአጥሩ ማዶ ወረወረው።

«ፎቶህን ወደዚያ ላክሁት» አለ። «ሰዓት አልፈጀባቸውም። ዋሻው ሥር ያመለጠን ጎሹ የሚባል ሽማግሌ ነው አሉኝ። አንተ ሰውዬ፣ አገር ማየት ትወዳለህ ማለት ነው! ና፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ላስጎብኝህ። ብዙ ሰው እዚያ ይንሸራተታል አሉ።»

ሃያ ደቂቃ። ጎሹ አንድም እንደሌለው አወቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት ባታምባንግ ነበር። ሥራ ፈላጊ መስሎ ነው የገባው። አብሮት በዚያው ቀን የደረሰ ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ ነበር፤ ስምዖን ይባላል። ጠባቂዎቹ ለእያንዳንዳቸው በፌስታል አምስት ሸሚዝ ሰጧቸው። በቀርከሃው ባቡር አንዱን ለብሰው ተነሡ፤ በደረጃው ሌላውን፤ በሐውልቱ፣ በወይን እርሻው፣ በዋሻው ሌላ ሌላውን። አሠራራቸው ይህ ነው። አዲስ ሰውን አንድ ቀን ያስጎበኙታል። ከዚያ ድንበር ወስደው በር ይዘጉበታል። ሌት ተቀን ኮምፒውተር ላይ የማያውቀውን ሰው ሲያጭበረብር ይኖራል። ፎቶው እየተቆጠበ በወር በወሩ ለቤተሰብ ይላካል።

ዋሻው ሥር ስምዖን ጠባቂው በስልክ ሲያወራ ሰማ። ሽማግሌው አላማረንም፣ በሩን ሳይገባ ይወገድ ይላል። ፀሐይ ገባች። የሌሊት ወፉ ወጣ፤ ሰማዩን ሞላው። ጎብኚው ሁሉ አንጋጠጠ። ጠባቂዎቹም። ስምዖን «አሁን!» ብሎ ጎሹን ገፈተረው። ሮጡ። አንዱ ጠባቂ ግን ዞሮ ነበር። ስምዖን ተመልሶ አነቀው። ጩቤው ሆዱ ላይ ገባ። እንደዚያም ሆኖ ሩዝ ማሳው ድረስ ሮጧል።

ጎሹ እጅ ላይ ነው የሞተው። የተናገረው ስለ እህቱ ነበር። «ለፀሐይነሽ ሌላ ሰው እንዳይነግርብኝ። አንተ ንገራት። አደራ።»

መሥሪያ ቤቱ ዝም በል አለ። ምርመራው ይበላሻል። ጎሹ ዝም አለ። ፀሐይነሽ ወንድሟን ስትፈልግ ለገሰ እጅ ገባች። በእኔ ጣይው፣ እዚያ ሰው አለኝ አላት። በየወሩም አንድ የወንድሟን ፎቶ ሰጣት።

አሁን ለገሰ ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ይኸው የዛሬው፣ የኔ እህት። ወይን እርሻ ውስጥ ነው። ሰኞ ኤርፖርት ትቀበይዋለሽ። ቃሌ ቃል ነው። አሁን አንቺ ውረጂ።»

እሷ አልወረደችም። ፎቶውን እያየች ነበር።

«ፀሐይነሽ» አለ ጎሹ፤ «እናትሽ መቼ ነው ያረፉት?»

«ሐምሌ፣ የሥላሴ ማግስት።»

«ስምዖን ተረድቷል?»

«አዎ፣ ጽፎልኛል። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም አለኝ።»

«እዚያ ፎቶ ላይ ምን ለብሷል?»

«ቀይ» አለች።

«ጢሙስ?»

«ተላጭቷል።»

«በነሐሴውስ?»

«ቢጫ።»

«አንቺ ይህን ተራራ በጥቁር ወጥተሻል። የእናቱን አርባ ሳያወጣ ጢሙን ተላጭቶ ቢጫ የሚለብስ ወንድም ነው ያለሽ?»

ለገሰ ሳቀ። «ምን ነካህ? ሰው አገር እኮ ነው! ጥቁር ሸሚዝ ከየት ያምጣ?»

«ጥቁር ጨርቅ የትም አገር አለ። ክንዱ ላይ ይቋጥራል። አንተም ሐበሻ ነህ፤ የእናት ሐዘን ትዝ አላለህም።»

ፀሐይነሽ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች።

«አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ» አለች። «በግንቦቱም ነበር። ባቡሩ ላይ። በሰኔውም። ይህ ቁስል አምስት ወር አይድንም እንዴ ብዬ… ብዬ ተውኩት።»

«በአንድ ቀን የተነሡ ናቸው። አምስት ሸሚዝ ነበር የሰጡት። አምስተኛውን ዛሬ አየሽ። ፎቶው አልቆበታል። ሰኞ ይመጣል ያለሽ ለዚህ ነው።»

ለገሰ መሳቁን ተወ። ይህ በቂ ነበር።

ፀሐይነሽ እጇን አንገቷ ሥር ሰደደች። ከማተቧ ጋር የታሰረ ነገር በጠሰች።

«ባዶውን ፍላሽ አምጪ አልከኝ፣ ጋሽ ለገሰ። ባዶውንም ሙሉውንም አመጣሁ። ልቤ አልቆረጠም ነበር።»

ለጎሹ ወረወረችለት።

ሽጉጡ ወጣ።

ጎሹ በቀኙ ፍላሹን ቀለበ፤ በግራው አፈሙዙን ጨበጠ።

ተኩሱ ከድንጋዩ ላይ አስተጋባ።

ሰው ጮኸ፤ ልጆች ተበተኑ። ጎሹ እጁ ሲግል እንጂ ሲያመው አልተሰማውም። አለቀቀም። በትከሻው ገፍቶ ለገሰን ከአጥሩ ብረት ጋር አጣበቀው።

«ልቀቅ፣ አንተ ደረቅ ሽማግሌ!»

«ሞቼ ነው።»

ፀሐይነሽ የለገሰን የእጅ አንጓ በጥርሷ ያዘች። ሽጉጡ ወደቀ፤ እየተንሸራተተ ከአጥሩ ማዶ ሄደ። ሄራንና ሰዎቿ እያለከለኩ ሲደርሱ ለገሰ መሬት ላይ ነበር። ጎሹ በላዩ ተቀምጦ ነበር። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለም።

ፀሐይነሽ ፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ አለ?»

ጎሹ ድንጋዩን አየ። ደሙ በስንጥቁ ውስጥ ይወርዳል።

«ነገ ጠዋት ቤት ነሽ?» አለ።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ሄራን ቆማ ስልኳን ታያለች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እዚያ ግን ሊነጋ ነው።

«በሩን ከፈቱት» አለች። «አሥራ አንዱም አሉ። ሌላ መቶ ምናምን ሰው ጭምር። ስድስቱም ነገ አይሄዱም። ጋሽዬ፣ ሠራኸው እኮ!»

«ተመስገን።»

«አሁን ሙቭ እናደርግሃለን። ሌላ ስም፣ ሌላ ስቴት። ዛሬውኑ።»

«ከነገ ጠዋት በኋላ።»

ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሊስን፣ ስማኝ። ምስክር ናት። ኮንታክት ካደረግሃት ያባርሩሃል። ጡረታ የለ፣ ምን የለ። እኔ ላድንህ አልችልም።»

«ያባርሩኝ።»

«እኔ ልደውልላትና ልንገራት? በጨዋ ቋንቋ፣ ፕሮሚስ።»

«ሞት በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ደግሞ አደራው የኔ ነው። ሁለት ዓመት ታዘዝኳችሁ። በቃኝ።»

ሄራን የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያና ስልኩን ከዕቃው ኮሮጆ አውጥታ ኪሷ ከተተች።

«ነርሷ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሺፍት ትቀይራለች» አለች፤ ተነሥታም ሄደች።

እሑድ፣ ገና ሲነጋ፣ ክላርክስተን። የእድሩ ዳኛ አቶ ኡራኤል፣ ጎሹ ሌሊት ከሆስፒታል ደውሎ መርዶ አለ ስላላቸው፣ አራት ሽማግሌና ሁለት ባልቴት ይዘው ከሕንፃው ሥር ይጠብቁ ነበር። ጎሹን አያውቁትም። የተጠቀለለ እጁን አዩ፤ ስሙን አልጠየቁትም።

«የማን መርዶ ነው?» አሉ ብቻ።

«የስምዖን። የፀሐይነሽ ወንድም።»

«አባቴ! በእናቷ ላይ?» አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ደረጃውን በዝግታ ወጡ። አቶ ኡራኤል ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ፀሐይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ሶፋው ከመሀል ተነሥቷል። ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። የጎረቤት ወንበሮች ጭምር። ሌሊቱን ስትደረድር አድራለች።

«ይግቡ» አለች።

ገቡ። ማንም አልተቀመጠም። ባልቴቶቹ በግራና በቀኝ ያዟት።

ጎሹ ፊት ለፊቷ ቆመ። የስምዖንን ስም ከነአባቱ ጠራ። የሞተበትን ቀን ነገራት። ዋሻውን፣ የሌሊት ወፎቹን፣ ሁሉም ሲያንጋጥጥ እሱ ወደ ኋላ መመለሱን ነገራት።

«እኔን ሊያተርፍ ነው» አለ። «እኔ ጎሹ እባላለሁ። እህቴን አንተ ንገራት አለኝ። ዘገየሁ።»

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። እጄ ላይ ነው።»

የተጠቀለለውን እጅ አየች። ግንባሯን አስጠጋችበት። ከዚያ እሪ አለች።

ጎረቤቱ በሩን እየከፈተ መጣ። ክፍሉ ሞላ። ወንበሮቹ ሞሉ። ጎሹ ለቅሶው እስኪረግብ ጥግ ላይ ቆየ። ከዚያ ሰው ሲገባ እሱ ወጣ።

ፌርማታው ላይ ሁለት ሴቶች የሥራ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ተጠግተው ቦታ ለቀቁለት። አውቶቡሱ መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ። ማንም አላየውም።

በደህናው እጁ ኪሱን ዳበሰ። መታወቂያ የለም፣ ስልክ የለም።

አደራም የለም።