የበለዘ ገላ መድኃኒት

ሰፈሩ «ባለ ቅባቷ» ይላታል። ባሏ በጠዋቱ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ያሳደገችው ተራራው አናት ላይ በምትበቅል ቢጫ አበባ ነው። አበባዋን ቀጥፋ ጥላ ውስጥ ታደርቃታለች፣ ዘይት ውስጥ ትዘፈዝፋታለች፣ ከሰም ጋር አቅልጣ በብልቃጥ ትሞላታለች። እግሩን ወለም ያለው፣ ከደረጃ የወደቀ፣ ገላው የበለዘ ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። አደራዋ አንድ ነው፤ ቅባቱ በተላጠ ቁስል ላይ እንዳይደርስ፣ ቆዳ ያቃጥላልና። የበለዘ ገላ ግን ምልክቱ ቶሎ ይጠፋለታል። ምስኪን! ይህ የምትኮራበት ሙያ ቤቷን እንደሚያፈርስ በምን ታውቃለች?

ልጇን ለአንድ ግንበኛ ዳረች። ሳቂታ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ጉልበቷ ሲደክምም ተራራውን እየወጣ አበባ የሚቀጥፍላት እሱ ሆነ። አማች ሳይሆን ልጅ ነው የተሰጠኝ እያለች ለጎረቤት ስታወራለት ትውላለች። ባዶ ብልቃጡን ይዞ በመጣ ቁጥር ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ነው እያለ ያቃስታል። እሷም ራስህን ነው ወይስ ግንቡን የምትቀባው እያለች ትቀልድበትና ሞልታ ትሰጠዋለች። ልጅቷ ግን እየከሳች፣ ከእናቷ ቤት እየቀረች ሄደች። ስትመጣም ገላዋ ንጹሕ ነው፤ ምን ሆንሽ ስትባል ደክሞኝ ነው ትላለች። ታዲያ ምልክት የሌለውን ሕመም ማን ያያል?

አንድ ቀን እናት ከሐኪም ቤት ተጠራች። ልጅሽ ከደረጃ ወድቃ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው አሏት። አማቿ ራስጌዋ ቆሞ እንባውን ይጠርጋል። እናት አቅፋ አጽናናችው... ወይኔ፣ እሱን አቀፈችው! ከዚያ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ የልጇ ትከሻ ላይ የተላጠ ቁስል አየች፤ ዙሪያው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ቁስል ላይ የተቀባ ቅባቷ የሚያወጣው ሽፍታ ነው፤ አሳምራ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረና ወጥቶ ሄደ።

«ማነው የቀባሽ?» አለቻት።

«እሱ ነው እማዬ... ሁልጊዜ ከመታኝ በኋላ ይቀባኛል። ምልክቱ ሳይጠፋ አንቺ ጋ አይልከኝም።»

«ምነው ሳትነግሪኝ ልጄ?»

«ስለ እሱ ስታወሪ ደስ ይልሽ ነበራ። አታምኚኝም ብዬ...»

ለካ ተራራውን የሚወጣው ለእሷ ጉልበት አዝኖ አልነበረም! ልጅቷ ሳይመሽ አረፈች። አማቿ ታሰረ፤ እስራቱ ግን ለእናት ምኗ ነው? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እሷን የጣላትን ፈረስ ግን የቀለበችው በገዛ እጇ ነው። ሐዘንተኛው ሲበተን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየች፣ ተባብሬ ገደልኳት እያለች ታለቅስ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ የማታውቀው ጎልማሳ በሯን አንኳኳ። ሚስቱ ወድቃ ክንዷ በልዟል፤ ጥቂት ቅባት እንድትሰጠው ለመናት። ብልቃጡን አነሳች፤ ልትሰጠው ስትል መልሳ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች።

«ቤትህ የት ነው?» አለችው። «እኔው እቀባታለሁ። አንተ ውጭ ትቆያለህ።»

ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው... ለገዛ ልጇ ያልደረሰችው እናት የሌላ ሰው ልጅ ደጃፍ ላይ እያለቀሰች ደረሰች።