ሳይጠጣ የሰከረው አባት

አናጺው መጠጥ እርግፍ አድርጎ የተወው ሚስቱ ባረፈች ማግስት ነበር። እሷ ስታጣጥር እሱ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ነበርና፣ ሲደርስ ፊቷ ተሸፍኖ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባት ዓመታት አንዲት ጠብታ በአፉ አልዞረችም። ልብስ ሰፊዋ ልጁ ታበስልለታለች፣ ታጥብለታለች፤ ስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህም ክኒኑን በሰዓቱ ታስውጠዋለች። ይቅርታ ግን ነፍጋዋለች። ከሥራ ሲመለስ ልትስመው መስላ ጠጋ ትልና አፉን ታሸታለች። እሱም ነቄ ነው፤ ሆን ብሎ እፍ ይልባትና «በይ፣ ፍተሻው አለቀ፤ ልግባ?» ይላታል። ይስቃል… ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አይደርስም።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ። ወረቀቱ «ለደም ምርመራ በባዶ ሆድ ይምጡ» ይላል። ልጅቱ ቁርሱን አስቀርታ ክኒኑን እንደ ወትሮው በውኃ ሰጠችው። ያቺ ክኒን ያለ ምግብ መርዝ እንደምትሆን ምስኪኗ በምን ትወቀው?

ሆስፒታሉ ገጠር ነው፤ በጥርጊያ መንገድ የሦስት ሰዓት ጉዞ። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወንዶቹ ወርደው ገፉት። አናጺውም «ትከሻዬ ለምን ቀን ነው?» ብሎ አብሮ ገፋ። ተመልሶ ሲቀመጥ ላብ አጠመቀው፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«ልጄ… የሚጣፍጥ ነገር… ትንሽ…»

ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ የለስላሳ ጠርሙስ ዘረጉ። ልጅቱ እጃቸውን መለሰችው። «ስኳር አለበት እኮ እናቴ! በስኳር በሽታ ላይ ስኳር ጨምረው ሊገድሉብኝ ነው?»

ብዙም አልቆየ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ረዳቱን ሰደበው፤ ሊነሳ ሲል ተንገዳግዶ ሰው ላይ ወደቀ። «ኧረ ሽማግሌው በጠዋቱ ጨልጠዋል!» አለ አንዱ። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ልጅቱ እንደ እሳት ነደደች። ሰባት ዓመት የፈራችው ቀን መጣ! በሕዝብ ፊት! አፉን ለማሽተት እንኳ አልተጠጋችም… ምነው በተጠጋች!

መኪናው ዳግመኛ ሲቀረቀር ረዳቱ «የቀረው በእግር ግማሽ ሰዓት ነው» አለ። እሷም አባቷን በክንዱ ጎትታ አወረደችና አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀመጠችው።

«ስካርህ እስኪበርድልህ እዚሁ ቁጭ በል! እማዬንም እንዲህ ነው የገደልካት!»

አባትየው በፈዘዘ ዓይን አያት። እሷ ዞር ሳትል ሄደች።

ካርድ ክፍል ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። ነርሷ ወረቀቱን ተቀብላ ቀና አለች። «አባትሽስ የታሉ?»

«ጠጥቶ መንገድ ላይ ቀረ።»

«ክኒናቸውን ውጠዋል?»

«አዎ፣ ጠዋት።»

«ቁርስስ በልተዋል?»

«በባዶ ሆድ ተብሎ…»

ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። «አልቧቸው ነበር? ይንቀጠቀጡ ነበር? አንቺ ልጅ፣ ሰውየው አልሰከሩም! ስኳራቸው ወርዶ ነው! የት ነው የተውሻቸው?»

«ሱቅ ደረጃ ላይ…» እያለች ወደ በሩ ሮጠች። የጣፋጭ ልመናው፣ የሴትዮዋ ጠርሙስ፣ ጥላው ስትሄድ ያያት ዓይን… አምቡላንሱ ሲከንፍ «ፍጠኑ! በእናታችሁ ፍጠኑ!» እያለች በሩን ትደበድባለች። ሲደርሱ አናጺው ደረጃው ላይ በጎኑ ተዘርሮ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጡት። ስኳሩ ተመለሰ፤ ነፍሱ ግን ቶሎ አልተመለሰችም።

ሁለት ቀን አልነቃም። ሐኪሙ «ስኳሩ ወርዶ ብዙ ቆይቷል፤ ልቡም ደክሟል» ብሎ አንገቱን ደፋ። ልጅቱ እህል ሳትቀምስ አልጋው ሥር ተኮራምታ ሰነበተች። በሦስተኛው ጠዋት ዓይኑን ገለጠ፤ ክፍሉን ቃኘ፤ ከዚያ ፊቱ በፍርሃት ተለወጠ።

«ልጄ… ምንም አላስታውስም። እውነቱን ንገሪኝ… ጠጣሁ እንዴ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ጦር ያህላል? እጁ ላይ ተደፋች። «አልጠጣህም አባዬ! አንዲት ጠብታ አልጠጣህም! ስኳርህ ወርዶ ነው። ጣፋጭ ስትለምነኝ የከለከልኩህ እኔ፣ ሰካራም ብዬ ጥዬህ የሄድኩት እኔ… ይቅር በለኝ!»

«አልጠጣሁም?» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ተመስገን! እናትሽን ደግሜ አሳፈርኳት ብዬ… አታልቅሺ የኔ እናት። እኔ እናትሽን ትቻት ቀርቻለሁ። አንቺ ግን ተመልሰሽ መጣሽልኝ።»

«እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አባዬ! ሰምተኸኛል?»

እጇን ጨመቅ አደረገ። እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ ያ የደከመ ልብ ቀጥ አለ።

ወይ ዕጣ ፈንታ! ሰባት ዓመት አንድ ጣራ ሥር አኑረሃቸው፣ ለእርቅ የሰጠሃቸው አንዲት ጠዋት ብቻ ናት? ልጅቱ ዛሬም ቂም ስለያዘ ሰው ሲነገር ከሰማች ስፌቷን ታቆማለች። «ቶሎ ይቅር በሉ» ትላለች፤ «ኋላ የሚሰማ ጆሮ አታገኙም።»