በውሃው ቀን የጎደለው

ማናሳ ወደ ቤተ ሙከራችን እንደገባ የጠየቀኝ ስለ ቢራ ነበር።

«ቢራው የቱ ቀን ነው?»

«ቢራ የለም። ውሃ፣ ወተትና የስፖርት መጠጥ ብቻ።»

«ጓደኞቼ ቢራ አለ ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ዋሽተውሃል። ና ተመዘን።»

ሥራው ቀላል ነው። ተሳታፊው በባዶ ሆዱ ይመዘናል፤ በሚፋጅ ክፍል ውስጥ ላብ በላብ እስኪሆን ብስክሌት ይነዳል፤ የዕለቱን መጠጥ ይጠጣል። ከዚያ እስከ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የሚሸናውን ሁሉ በጠርሙስ ያስረክበኛል። ሰውነቱ ከጠጣው ምን ያህሉን እንዳስቀረ የምናውቀው እንዲህ ነው።

ማናሳ የመጨረሻው ተሳታፊዬ ነበር። የእሱ ውጤት ከተበላሸ ምረቃዬ ለከርሞ ይዞራል።

ወላጆቹ ከፊጂ መጥተው እዚህ ከተማችን ታውንስቪል የከተሙ፣ ራግቢ የሚጫወት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። በወተቱና በስፖርት መጠጡ ቀን፣ ጠርሙስ እየጠበቅን ብዙ አወራን። ሲስቅ ሚዛኑን ሁለቴ ማንበብ ጀመርኩ። ከተሳታፊ ጋር መሽኮርመም ክልክል ስለሆነ ነገሩን እዚያው ተውኩት።

የውሃው ቀን ደረሰ። ያስረከበኝ የሽንት ጠርሙስ ባዶ ለመሆን ትንሽ ቀርቶታል።

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ውሃ ወተትን አስከንድቶ በለጠ ማለት ነው። ለአፍታ ታዋቂ ሆኜ ታየኝ። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ክብደቱ ወርዷል፤ ሸሚዙ ግን ደረቅ ነው፤ በላብ አልወጣም ማለት ነው።

«ማናሳ፣ የቀረው የት ሄደ?»

አንገቱን አከከ። «ሽንት ቤት።»

«በጠርሙስ ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ፣ ብሪዮኒ። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን የምወዳት ልጅ እጅ ላይ ትኩስ ሽንት ማስቀመጥ አቃተኝ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ነደደኝ።

«አንተ ስላፈርክ የእኔ ዓመት ይቃጠል?»

«ልድገመው።»

«ክፍሉ የሚለቀቀው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ አለብህ።»

«አለብኝ» አለና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ለአማካሪዬ ለሜሬዲት ሁሉንም፣ ፍቅሩንም ሳይቀር ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርግ ሳቀች።

«ይድገመው። ግን ልኬቱን እኔ እይዛለሁ። አንቺ ጠርሙስ ተቀበይ፤ ቅጣታችሁ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ማናሳ ከእኛ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩ የጓደኞቹን ስድብ እየተቀበለ ይንጫጫል። ብስክሌቱን ነዳ፣ ውሃውን ጨለጠ፣ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሲሰጠኝ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ሲሰጠኝ አንዱን ከፈተ። ሦስተኛውን ግን አፍንጫዬ ስር አምጥቶ፣ «ይኸው፣ እስከ አፉ ሞልቼልሻለሁ» አለኝ። ውሃው እንደጠበቅነው አብዛኛው ተመልሶ ወጥቷል። ጥናቴ ተርፏል።

ሜሬዲት የመጨረሻውን ክብደት ጻፈችና ብዕሯን አስቀመጠች። «ተሳታፊነትህ እዚህ ላይ አብቅቷል» ብላው ወጣች።

«ጨዋታውስ?» አልኩት።

«ተሸነፍን። ለአንድ ወር ቢራ ገዢው እኔ ነኝ።»

«እራት አብረን እንብላ።»

«ይሄን ሁሉ ካየሽ በኋላ?»

«አንተ ከእንግዲህ የምታፍርበት ነገር የለህም። ተራው የእኔ ነው።»

ጓንቴን አውልቄ እጁን ያዝኩት።