አሥራ አንድ ዓመት ያልታጠበ ሽርጥ

«እውነቴን ነው! ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፣ ሌቦቹን በዚህ ዐይኔ ነው ያየኋቸው!» አለ የጉንዳን አጎት፣ የወርቅ ቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ። «ሁለት ናቸው። ኧረ አራት! አንዱማ በሩ አልበቃው ብሎ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። የሥራ ሽርጥህን ከሚስማሩ ላይ መንጭቆ እብስ!»

ጉንዳን ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉን ታያለች። እጇ ሥራ ስለማይፈታ ይህን ስም ያወጣላት ራሱ አጎቷ ነው። ዛሬ ግን ምነው እጄን አጣጥፌ በተቀመጥኩ ትላለች። ጣቶቿ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ።

አባቷ ወርቅ ሠሪ ነው። ስለ ወርቅ ማውራት ከጀመረ ምሳውንም ይረሳል። ሺህ ዓመታት መቃብር ውስጥ የኖረ የንጉሥ ጭንብል ዝገት አይነካውም ይላል። የጥንት ሰዎች የተነቃነቀ ጥርሳቸውን በወርቅ ሽቦ ያስሩ ነበር፤ ጠፈርተኛም ዐይኑን ከፀሐይ የሚጋርደው ስስ ወርቅ በተቀባ መስታወት ነው፤ አንዲት ግራም ተስባ ስትቀጥን ደግሞ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ጉንዳን ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የሥራ ሽርጥ እንደማይታጠብ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። የወርቅ ሠሪ ልጅ ይህን አታውቅም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ወርቅ ሲሞረድ የሚረግፈው ብናኝ ጨርቁ ውስጥ ይሰገሰጋል። ጨርቁ ሲያረጅ ይቃጠላል፣ ዐመዱ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል። የአባቷ ዐይን እየደከመ ስለሆነ ሐኪሙ ሥራ አቁም ብሎታል። ነገ ያንን የአሥራ አንድ ዓመት ሽርጥ አቃጥሎ የመጨረሻውን ሥራ ሊሠራ ነበር፤ በክፉ ቀን የተሸጠውን የእናቷን የጋብቻ ቀለበት ሊተካ። ጉንዳን የሰማችው «የመጨረሻ ሥራ» የሚለውን ብቻ ነው። ንጹሕ ሽርጥ ይታጠቅ ብላ ፈትጋ ፈትጋ አጠበችው።

አጎቷ ገመድ ላይ ሲያንጠባጥብ አይቶ ራሱን ያዘ። የወርቁ ብናኝ በእጣቢው እንደሄደ ከነገራት በኋላ፣ ስታለቅስ ሲያያት አንጀቱ አልቻለም። «ዝም በይ፣ ለእኔ ተይው» ብሎ እርጥቡን ሽርጥ መኪናው ውስጥ ወሸቀው።

«ዘበኛውስ የት ነበሩ?» አለ አባቷ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«እሳቸውማ!» አለ አጎቷ፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም የት ያውቅና። «በሩን ወለል አድርገው ያስገቧቸው እሳቸው አይደሉ እንዴ! ሰላምታም ሳይለዋወጡ አልቀሩም!»

ጉንዳን ከወለሉ ቀና ብላ አጎቷን አየችው። አጎቷም ያለው ነገር ራሱን አስደንግጦት አፉን ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሽማግሌው ዘበኛ ተጠሩ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ።

«አባቴ፣ ምን በደልኩዎት?» አላቸው አባቷ።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም፣ ልጄ። ግን አልዋሽህም፤ ከምሳ በኋላ ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ያኔ ገብተው ይሆናል።»

«እንግዲያው ቁልፉን ያስረክቡኝ።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። ቁልፉን ከቀበቷቸው ለመፍታት ይታገሉ ጀመር። አጎቷ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ በዐይኑ ጠቀሳት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

አባቷ ባዶውን ሚስማር እያየ ዐይኑን በመዳፉ አሸ። ብትናገርም ባትናገርም በእናቷ ጣት ላይ የሚገባ ነገር የለም።

ጉንዳን ሄዳ የሽማግሌውን እጅ ከነቁልፉ ያዘች።

«አባዬ፣ ሌባ አልመጣም» አለች፣ ለራሷም እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። «ሌባ አልመጣም። ሽርጡን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ውኃውን ቱቦ ውስጥ ደፋሁት።»