ቀርፋፋው ይቅደም

ተማሪዋ ጥገና ቤቱ ውስጥ ከአንድ ወጣት ኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ተሰልፋ ቆመች። ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ «አሁን ጨርሶ ይሄዳል» እያለች ትጠብቃለች። ወጣቱ ባንኮኒው ላይ የተፈታ ማሽን ሲነካካ ቆይቶ ዘወር አለ።

«እህት፣ ሰው እየጠበቅሽ ነው?»

«አይ፣ ተራዬን ነው። አንተ ቀድመህ...»

«እኔማ ጠጋኙ ነኝ! በዚህ በኩል ብርሃኑ ስለሚሻል ነው የወጣሁት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! ምነው ብትናገሪ?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። እሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ሳታላምጥ አታወጣም። እሱን ደግሞ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ «ሬዲዮ» ነው የምትለው፤ ከጀመረ አይተነፍስም።

ከሦስት ቀን በኋላ የመመረቂያ ሥራዋን ፈታኞች ፊት ታቀርባለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት የጎርፍ ትንበያ ፕሮግራም ግን ማሽኑ ራም የሚሉት የማስታወሻ ክፍሉ እያነሰው ግማሽ ላይ ይቆማል። የሚሠራውም በዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

ጠጋኙ ከፈተው። አንድ ራም፣ አጠገቡ አንድ ባዶ ቦታ።

«የምሰጥሽ ራም ከሌላ ፋብሪካ ነው፤ ካንቺው ይፈጥናል። መስማማታቸውን እስከ ነገ ካልፈተንኩ አላውቅም። ትተሽው ሂጂ።»

«አልችልም» አለች። ያለዚያ ላፕቶፕ ዓይኗ እንቅልፍ አያይም። አስገጥማ ይዛው ወጣች።

ቤት ደርሳ ፕሮግራሙን አስነሳች። ግማሽ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ድርግም አለ። ደገመችው፤ አሁንም ድርግም።

«አሞኝቶሻል» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ከሶፋው ሳይነሳ። «እንዳልሽኝ እንደዚያ የሚለፈልፍ ሰው ይታመናል? የሞተ ዕቃ ነው ያሸከመሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«የተበላሸ ነው የሰጠኸኝ?» መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ይኸው ነበር።

«ብዬሽ አልነበር?» አላላትም። የእሷን ራም ለብቻው ፈተነ፤ ደህና ነው። የራሱን ፈተነ፤ እሱም ደህና።

«ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው...» አለና አቋረጠ። ሬዲዮው ሰው ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር ስታይ ተስፋ ቆረጠች።

እሱ ግን ካቻቪቴውን አንስቶ ሁለቱን ራሞች ቦታ አቀያየራቸው።

«ማሽኑ መጀመሪያ የሚያየው ባዶው ቦታ ላይ የገባውን ፈጣኑን ስለነበር ሁለቱንም በዚያ ፍጥነት ሊያስሮጥ ሞከረ፤ ያንቺው አልቻለም። ቀርፋፋው ይቅደምና ፈጣኑ እርምጃውን ይቀንስለት።»

«ፈጣኑ አይጎዳም?»

ቀና ብሎ አያት። «ምን ይሆናል? ትንሽ መታገስ ይለምዳል።»

ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች መቁጠር ጀመረች፤ ቁጥሩ ግን ጠፋባት።

ፕሮግራሙ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። በየመሃሉ ስለ ጎርፉና ስለ ፈተናዋ ይጠይቃታል። የገረማት መጠየቁ አይደለም፤ መልሷ እስኪወጣ አፉን ዘግቶ መጠበቁ ነው። ፕሮግራሙ ሳይቆም ሲጨርስ «ቅድም ለተናገርኩህ... ይቅርታ» አለች። ይህንንም እስክትጨርስ ጠበቃት።

የፈተናዋ ዕለት የዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ጋ ስትደርስ ጠጋኙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በአንድ እጁ ካቻቪቴ፣ በሌላው ሁለት ትርፍ ራሞች።

«ድንገት ቢጠፋ ብዬ ነው» አለ። ከእሷ ይልቅ ግንባሩን ያላበው እሱን ነበር።

በሩ ተከፍቶ ተጠራች።

«ስሚ» አላት ቀስ ብሎ፣ «አትቸኩይ። በራስሽ ፍጥነት ተናገሪ።»

ፕሮግራሙ አልቆመም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትወጣ ጠጋኙ ከነካቻቪቴው እዚያው ነበር። ካቻቪቴውን ከእጁ ወሰደችና «አልፌአለሁ፤ ዛሬ ሥራ የለም» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ቀን ጥገና ቤቱ ሳይከፈት ዋለ።